ባሕር ልናይ ብንነሳ ሐጅ ላኩን

ሽማግሌ ሰው አውሮፕላን ላይ የሚወጣው ወይ ሊታከም ወይ ሐጅ ሊያደርግ ብቻ ነው ያለው ማነው? ይህን ለሰፈሬ ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። የኔ ትምህርት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምሁት ፊደል ነው፤ ስለዚህ እንደማወራው እጽፋለሁ። የሆነውን ግን አንድም ሳላስቀር አስታውሰዋለሁ። ንዴቱም ገና አልወጣልኝም።

ነገሩን የጀመረችው ትንሿ ልጄ ናት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እኛ ዘንድ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አባዬ፣ ተመልከት። ዛንዚባር ይባላል። ደሴት ነው፣ ዙሪያው ሁሉ ባሕር። አንተንና እማዬን ልወስዳችሁ ነው።»

አየሁት። ነጭ አሸዋ፣ ጎንበስ ያለ ዘንባባ፣ በሁለት ዛፍ መካከል የታሰረ መረብ። መረቡ ላይ ሰው ተኝቷል።

«እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን?»

«ምንም። ትተኛላችሁ፣ ታርፋላችሁ።»

«ከደሴ ተነስቼ ባሕር ተሻግሬ ልተኛ? አልጋዬ ምን ሆነ?»

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ያሰበችውን ሁሉ ዘረዘረችልኝ። ጠዋት በጀልባ ወጥተን ኤሊ እናያለን፣ ከሰዓት የቅመም እርሻ ሄደን ቅርንፉድ ከዛፉ ላይ ሲለቀም እናያለን፣ መስጊድ በየቦታው አለ፣ አዛን ይሰማል። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ለእኔ ቁምጣ እንደምትገዛ ነገረችኝ። ቁምጣ! ጉልበቴን ከሚስቴና ከሐኪም በቀር ያየው ሰው የለም።

«አልሄድም» አልሁ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ሚስቴ ከጓዳ።

ዞር ብዬ አየኋት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማለች። በጉብዝናዬ የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ አሰብ ወደብ እመላለስ ነበር፤ በኋላ ነው ኮምቦልቻ ጎሚስታ የከፈትሁት። ከተጋባን ጀምሮ ስለ አሰብ ባሕር ሳወራላት ኖሬያለሁ፤ እንዴት እንደሚያበራ፣ መርከቡ እንዴት ከሩቅ እንደ ጠጠር ታይቶ እየገዘፈ እንደሚመጣ። እሷ ከኮምቦልቻ ወዲያ ወርዳ አታውቅም።

«ባሕሩን በጆሮዬ ስጠጣው ነው የኖርሁ» አለች። «አሁን በዓይኔ ልየው።»

ቁምጣ እንደማልለብስ አስታውቄ ተስማማሁ።

ፒያሳ ሄደን ለፓስፖርት ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ያንን በቢጫ ካርድ ላይ የሚጻፈውን ክትባት ልንወጋ ጤና ጣቢያ ተሰለፍን። የአጥር ጎረቤታችን ሚስት የልጅ ልጇን ይዛ እዚያው ወረፋ ላይ አገኘችን።

«ለጉዞ ነው?» አለቻት ሚስቴን።

«አዎ» አለች ሚስቴ። ወሬ ስለማታበዛ ሌላ አልጨመረችም።

ለአንዲት «አዎ» የመጣብንን ተመልከቱ። በባጃጅ ሆጤ እስክንደርስ ድረስ በሰፈሩ ወሬ ሐጅ ሄደናል።

ባገራችን ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ አፉ በሉኝ እያለ ይለምናል፤ እሱን ያስቀየመም መጥቶ አፉ ያሰኛል። ቂም ይዞ ወደ ካዕባ አይኬድም። መልካም ልማድ ነው፤ ጠብ የለኝም። ነገር ግን እኔ አፌን ሳልከፍት ሰው ቤቴን ሞላው። አንዷ የልጇን ስም ካዕባ ላይ እንድጠራላት አደራ አለችኝ። የጎረቤቴ ሚስት ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጥታ «ዘምዘም ይሙሉልኝ» አለች። «ኧረ ነገሩ እንዲህ አይደለም» ልል ስጀምር ያለቅሱብኛል። እንደዚያ ወር በእንባ ተቋርጬ አላውቅም።

ከሁሉ የባሰው ባሏ፣ የአጥር ጎረቤቴ ነው። አንድ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ገባ።

«ሐጂ፣ አፉ በለኝ።»

«ሐጂ አትበለኝ። ምን አድርገህ ነው?»

«አጥሩን።»

«የቱን አጥር?»

«የኛንና የናንተን። አንተ ኮምቦልቻ ጎማ በምትሠራበት ጊዜ አንድ ክንድ ያህል ወደናንተ ገፋ አድርጌዋለሁ።»

ሚስቴ «የጎመኑ መደብ ጠበበ» ስትለኝ «አንቺ ነሽ አራርቀሽ የተከልሽው» እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ! ልጮህበት ስል ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። የሚያለቅስ ሰው ምን ይደረጋል? «አፉ ብዬሃለሁ» አልሁት። እሱ ቀሎት ወጣ፤ እኔ ተቃጠልሁ። በዚያ የቆርቆሮ አጥር ላይ አሻግሮ ስንት ዘመን «እንዴት አደርህ» ብሎኛል! ካዕባ ላይ ቆሜ የምከሰው ሲመስለው ነው አጥሩ ትዝ ያለው። ለሽርሽር የምሄድ ቢሆን ኖሮ አፈሬን እንደበላ ይኖር ነበር።

ልጄ ስትመጣ ሁሉንም ነገርናት።

«ዝም በሏቸው» አለች። «ሄደን እንመጣለን፤ ማን ይጠይቃችኋል?»

ሚስቴ በዚያ ሰሞን የደረሰላትን ፓስፖርት አነሳች፣ በሻሽ ጠቀለለችው፣ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው።

«በውሸት ሐጃ ከምባል ባሕሩ ይቅርብኝ። እውነቱን ነግሬያቸው ደግሞ እንደ ቀላል ሴት ሊያዩኝ ነው። በቃ፣ ቀርቷል» አለችና ጎመኗን ልትከተክት ተቀመጠች።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ያቺ ሴት የሰፈሩን ለቅሶና ሠርግ ሁሉ ጭስ ውስጥ ቆማ ወጥ ስትሠራ የኖረች ናት። ለራሷ ብላ የጠየቀችኝ ይህንን ብቻ ነው፤ እሱንም በመልካም ምኞት አፍነው ሊያስቀሩባት ነው።

ሐሙስ ከዓስር ሶላት በኋላ ሰፈሩ እኛ ቤት ለዱዓ ተሰበሰበ። ሼኹ መጥተው ከፍ ካለው ቦታ ተቀመጡ። እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ተነስቼ ቆምሁ።

«ሐጅ አይደለም የምንሄደው። ዛንዚባር ነው፣ ባሕር ልናይ።»

ሼኹ እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ለንግድ ነው?» አለ አንዱ።

«ለመተኛት ነው!» አልሁት።

ከጥግ አንዲት ባልቴት «ያ አላህ! ካዕባን ሳያዩ? በዚህ ዕድሜ? ወላሂ ነውር ነው» አሉ።

«ነውሩ የቱ ላይ ነው?» አልሁ። «ሐጅን በገዛ ላቤ እንጂ በልጄ ደሞዝ አላደርገውም ብያለሁ፤ ኢንሻአላህ አደርገዋለሁ። ይህ የልጄ ስጦታ ነው። ሚስቴን ተመልከቷት! ከናንተ መካከል ወጧን ያልበላ ማነው? ታማ አዲስ አበባ ትሂድ ቢባል እያለቀሳችሁ ትሸኟት ነበር። በጤናዋ ስትሄድ ነው የሚያማችሁ?»

ሚስቴ መሬት መሬቱን ታያለች። ባልቴቲቱ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መንገደኞች ናችሁ ወይስ አይደላችሁም?»

«ነን።»

«እንግዲያ ዱዓው ለመንገደኛ ነው። እጃችሁን አንሱ።» ዱዓው ሲያበቃ ግን ወደኔ ዞረው «ቀድመህ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«ማን አስወራኝ!» አልሁ።

ሰው ሲወጣ ጎረቤቴ እግሩን እየጎተተ ቀረ።

«እንግዲህ ሐጅ ካልሆነ… ያ አፉ ያልኸኝስ?»

«አፉ ያልሁት አንተን ነው እንጂ አውሮፕላኑን አይደለም። ቆርቆሮው ባለበት ይቁም ግን አላልሁህም። ስመለስ በቦታው ላግኘው።»

ሚስቱም ጠርሙሷን መልሳ አልወሰደችም። «ዘምዘም ከሌለ ቅርንፉድ ይሙሉልኝ» አለች። ሌሎቹ ይህን ሰምተው ቅርንፉድ ያላዘዘ አልቀረም። ላርፍ ነው የምሄደው ወይስ ልነግድ?

የሄድን ዕለት ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የሚወስደን መኪና ደጃችን ቆመ። ሚስቴ ፓስፖርቷን ከነሻሹ ደረቷ ውስጥ ከትታ ቀድማ ገብታለች። እኔ ረጅም ሱሪዬን ለብሼ ልከተላት ስል ከጓሮ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ዞርሁ። ጎረቤቴ ቋሚዎቹን እየነቀለ ነው። አንዱን ደግሞ መልሶ ተክሎታል፤ ግማሽ ክንድ ብቻ አሽሽቶ!

«ወደዚያ! ገና ነው፣ ወደዚያ ጨምር!»

«ኧረ እዚህ ነበር፣ ወላሂ!»

«አንተ ነህ የነገርኸኝ፣ አንድ ክንድ ብለህ!»

መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። ሚስቴ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ተጣራች።

«አንተ ሰውዬ! አጥሩ የትም አይሄድም። አውሮፕላኑ ነው የሚሄደው!»

ቋሚው የሚገባበት ቦታ ላይ ትልቅ ድንጋይ አስቀመጥሁና መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሐረጎን እስክንወርድ ድረስ ስለ አጥሩ አወራሁ። እሷ መስኮቱን ከፍታ ቁልቁል ኮምቦልቻን ታያለች።