ማረሻው ይዙር፣ በሬው ይቅር

ከጅጋ እስከ ቡሬ ያለህ ሰው ሁሉ፣ ተቀምጠህ ከሆነ ተነሥ፤ ቆመህ ከሆነ ባርኔጣህን አውልቅ! የማንኩሳው ቀጥቃጭ ቢሆነኝ፣ የአንድ ወናፍና የሁለት መዶሻ ጌታ፣ በ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት የእርሻን ሊቃውንት ሊያርም ተነሥቷል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምብርሃን የሚባል የእርሻ ባለሙያ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ሁለት ማረሻ ሊያወዳድር ፈለገ፤ አንዱ የፋብሪካ፣ አንዱ የቢሆነኝ። የፋብሪካውን ለስድስት የጅጋ ገበሬዎች፣ የቢሆነኝን ለስድስት የማንኩሳ ገበሬዎች አደለ። ታረሰ፣ ጥልቀቱ ተለካ። የጅጋው ስንዝር ሞላ፤ የማንኩሳው ግማሽ ላይ ቀረ። «የቀጥቃጩ ማረሻ አይረባም፤ ገበሬ እንዳይገዛው ይነገር» ተብሎ ተጻፈ።

መሬት ለሌለው ቢሆነኝ ይህች ወረቀት እሳቱን የምታጠፋ ውኃ ነበረች። አገሩ «ቡዳ ነው» እያለ ከማዕዱ ያርቀዋል፤ የሚፈልገው ማረሻውን ብቻ ነው። አሁን ያችም ልትቀር!

በገበያ ቀን ገበሬው በተሰበሰበበት ባለሙያው ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ የጅጋ አፈር ቅቤ ነው፤ የእኛ ድንጋይ። የአያ ላቀው በሬዎች ዝሆን ያክላሉ፤ የእኛዎቹ ጎድናቸው ይቆጠራል። ታዲያ እርስዎ የለኩት ማረሻውን ነው በሬውን?»

«ስድስት ስድስት ሰው ለክቻለሁ። ቁጥር አይዋሽም!»

«ስድሳም ቢሆኑ፣ ሁለቱን ማረሻ የሞከረ አንድ ሰው የለም።»

የዝሆኖቹ ባለቤት፣ የጅጋው ላቀው፣ ሳቀ። «ይኸ ቡዳ እውነቱን ነው! እኔ በሬዎቼን ጠምጄ በእንጨትም ባርስ ስንዝር እሞላ ነበር።»

የቀለም ሰው ሲያፍር አዲስ ዕቅድ ያወጣል። «እንግዲያው ሁሉም በሁሉም!» አለ ዓለምብርሃን። «እያንዳንዱ ገበሬ በሁለቱም ማረሻ፣ በሁሉም በሬ ይረስ!»

«በእኔ በሬ?» ላቀው ሳቁን ዋጠ። «ሌላ ሰው ሲጠምደው ትልሙ መሐል ይተኛልዎታል። በሬ በጌታው ድምፅ ነው የሚሄድ።»

ቢሆነኝ ዕድሉ ሲያመልጥ ታየው። «በሬውስ ይቅር፣ ጌታዬ። በሬ ከባለቤቱ፣ ባለቤትም ከመሬቱ አይለይም። ማረሻ ግን እግር ባይኖረውም ይዞራል። ሁሉም በገዛ በሬው፣ በገዛ መሬቱ፣ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ ይረስ።»

 ዓለምብርሃን፣ ለዲፕሎማው ክብር ይሁንና፣ እሺ አለ።

በሳምንቱ የእያንዳንዱ ሰው መሬት ከራሱ ጋር ተመዘነ። ጅጋ ላይ ሁለቱ ማረሻ እኩል ሆነ። የማንኩሳ ድንጋይ ላይ ግን፣ ከስድስቱ በአምስቱ ማሳ፣ የቢሆነኝ ከፋብሪካው ሁለት ጣት ጠልቆ ገባ። ባለሙያው የፊተኛዋን ወረቀት ሰው እያየው ቀደዳት።

በማግስቱ ማረሻ ፈላጊ ገበሬ ከቢሆነኝ አጥር ውጭ ተሰልፎ፣ እንደ ልማዱ ሳይጠጋ ይጣራ ጀመር። ላቀው ብቻ ገፍቶ ገባ፤ ከቢሆነኝ ሚስት ከእናኑ እጅ በዋንጫ ጠላ ተቀብሎ ጠጣ። አልሞተም።

አንተስ፣ አንባቢ? በቢሆነኝ ማረሻ የታረሰውን እህል ስትበላ ዓይንህን አታሽም። እስቲ በማንኩሳ ያለፍህ ዕለት፣ ከአጥር ውጭ መጣራቱን ተወውና...