ክሱን ራሴ አነበብኩላቸው

ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጥበት አንድ ትንሽ ሱቅ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የሱቁ ባለቤት የአገሬ ሰው፣ ከእኔ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ በጸሎት ቤትም አብረን የምንዘምር ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ዙሉውን እንደ ውኃ ይጠጡታል፤ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ሲከራከሩ ብትሰሟቸው እዚያው የተወለዱ ይመስላችኋል። እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣ ግን ወደ እኔ ይገፉታል። እኔም ብሆን ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ከመድኃኒት ካርቶንና ከተጣለ ጋዜጣ እየለቃቀምኩ ነው የተማርኩት። ቢሆንም የኪራይ ውሉን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ፣ ሁሉንም ዱካዬ ላይ ቁጭ ብዬ አነብላቸው ነበር።

ኮሮና መጣና ሱቁ ተዘጋ። እንደገና በተከፈተ በሳምንቱ ብርድ ልብስ ሳራግፍ አቧራው ጉሮሮዬ ገባና ሳልኩ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ሳል ምን ማለት እንደነበር ታውቁታላችሁ። ሁለት ደንበኞች የያዙትን ጥለው ወጡ። በማግስቱ ከእትዬ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ፤ ከእንግዲህ እንዳልመጣ፣ ጌታም ሌላ በር እንደሚከፍትልኝ። ተመርምሬ ነጻ የሚለውን ውጤት ብልክላቸውም መልስ የለም።

አከራዬ የአገሩ ተወላጅ ናት። ተቀምጬ ሳለቅስ አገኘችኝና ተቆጣችኝ። ሱቁ ትንሽ ነው ተብሎ ሕግ አይቀርም፣ ሳይጠሩና ሳይሰሙ ማባረር አይቻልም፣ የስደተኛ ወረቀትሽ ገና ተጠናቆ ባይሰጥሽም ሥራሽ ሥራ ነው አለችኝ። የሠራተኛና የአሠሪ ጠብ የሚያይ ቢሮ እንዳለ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማመልከት እንዳለብኝም ነገረችኝ። ሃያ ሁለቱ አልፎ ነበር።

ቅጹን መሙላት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የምትፈልጊው ምንድን ነው ከሚለው ሥር «ወደ ሥራ መመለስ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ በታች፣ ለቢሮው ከማስገባትሽ በፊት ቅጂውን ራስሽ ለአሠሪሽ ስጪ ይላል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ይላካል እንጂ ክስ ተይዞ አይኬድም። ግን ሽማግሌ ልላክ ብል ቀኑ ሊያልፍብኝ ነው፤ ቅጂውን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

እትዬ በር ላይ እጄን ሳኒታይዘር ረጩልኝና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው መልሰው ሰጡኝ።

«ምን ይላል?»

ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩና ከላይ ጀምሬ አነበብኩላቸው። ስማቸው ጋ ስደርስ «እኔ ነኝ?» አሉ። እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ሳይሰሙ ማባረር ሕገ ወጥ ነው የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ፣ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ያነበብኩላቸው ይመስል፣

«እና ምን ይሻለኛል?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ግን ከልባቸው ነበርና የጠየቁኝ ከልቤ መለስኩ። ቢሮው ሁለታችንንም በስልክ እንደሚያነጋግረን፣ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታቸው እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት መስማማትም እንደሚቻል ነገርኳቸው።

«አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚስ?»

«ሠራተኛዬን ጠርቼ አነጋግራት ነበር፣ እትዬ።»

ፈርቼ ነው አሉ፣ ቀስ ብለው። ስኳር አለባቸው፤ በዚያ ሰሞን ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበር። ይህንኑ ቢነግሩኝ በር ላይ ቆሜ እሸጥ ነበር አልኳቸው። ሰኞ ግቢ አሉኝ። በጽሑፍ ይሁን አልኩ።

«ታዲያ ማን ሊጽፈው ነው? ጻፊው እንጂ።»

ጻፍኩት። ሰኞ ወደ ሥራ እንደምመለስ፣ አራቱ ዓመት እንደሚቆጠርልኝ፣ ወደፊት ጥፋት ቢገኝብኝ አስቀድመው ጠርተው እንደሚሰሙኝ። እሳቸው ደግሞ ስስል ወደ ውጭ እንድወጣ አስጨመሩ። ፈረምን። ልሄድ ስነሳ፣ ከቆምሽ አይቀር ያንን መጋረጃ በአንድ በኩል ያዢልኝ፣ እንጠፈው አሉኝ። ወረቀቱ ሰኞ ነው የሚለው አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔም እየሳቅሁ ጫፉን ያዝኩ።