እትዬ ሶስና የተከለከሉት መዝሙር

ልጅነቴ ያለፈው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ እናቴና እኔ ከእትዬ ሶስና ጋር በተጋራናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ደርግ አባቴን ካሰረው በኋላ እናቴ እኔን ይዛ ስትሰደድ ሞያሌ ላይ ያገኘናቸው ሴት ናቸው። መብራት በጠፋ ምሽት ጂኮ በሚሉት ምድጃ ላይ ከሰል እያያያዙ፣ ጭሱን በመዳፋቸው ከዓይኔ እየመለሱ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ያኔ ከጅቡም ከጦጣውም ይልቅ የምወደው የራሳቸውን ታሪክ ነው።

«አንዲት ዘፋኝ ነበረች» ብለው ይጀምራሉ። ዘፋኟ አዲስ አበባ፣ የምሽት ክበብ ውስጥ ከባንድ ጋር ሶል የሚሉትን የአሜሪካ ጥቁሮች ዘፈን ትዘፍን ነበር። ኋላ ጌታን ተቀበለችና ያንኑ ድምፅ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ደርግ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሽገው በየሰው ቤት፣ መጋረጃ ተዘግቶ ትዘምር ጀመር፤ ተይዛ ታሰረች። «ለአብዮቱ ዘምሪና ውጪ» ቢሏት እምቢ አለች፤ ገረፏት። እዚያው እስር ቤት ሆና የደረሰችው መዝሙር በተፈቱ እስረኞች አፍ ወጥቶ፣ እሷ ኋላ ተፈትታ ስትሰደድ ቀድሟት ናይሮቢ ገብቶ ነበር።

«ከዚያስ?» እላቸዋለሁ።

«ከዚያማ ይኸው የሰው ልብስ ታጥባለች።»

ኪሊማኒ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ስደተኞች የምናመልክበት አዳራሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን የዳንኪራ ቤት ድምፅ ነው ብለው እትዬ ሶስናን ከመዘምራኑ አላስገቧቸውም። አንድ እሁድ መዘምራኑ ያንኑ የእስር ቤት መዝሙር ጀመሩ። እትዬ ሶስና ከጎኔ ተነስተው ወደ መድረኩ ሄዱ።

«ይህን የደረስኩት እኔ ነኝ፤ አብሬያችሁ ልዘምረው» አሉ፣ በትሕትና።

አንደኛው ሽማግሌ ሊያግዳቸው እጁን ዘረጋ። «እህት ሶስና፣ መዝሙር የጌታ ነው። ያንቺ ድምፅ የት ሲያመሽ እንደነበር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ተቀመጪ።»

መዘምራኑ ዝማሬውን ቀጠሉ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እትዬ ሶስና ተመልሰው ተቀመጡ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም።

ስንመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እናቴ «ይቅር በያቸው» አለቻቸው።

«ወታደሩ ገርፎኝ እምቢ አልኩት» አሉ፣ በመስኮት እያዩ። «እነዚህ ተቀመጪ ብቻ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ።»

ከዚያ ወዲህ የጅቡን ተረት ብቻ ይነግሩኝ ጀመር፤ ስለ ዘፋኟ ብጠይቃቸው «ያቺማ ሞታለች» ይሉኝ ነበር። ደርግ ወድቆ ብዙ ሰው ሲመለስ እሳቸው አልተመለሱም፤ የተቀበሩትም እዚሁ ናይሮቢ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ስንኖር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲዘምሩ አንድም ቀን አልሰማሁም። እንዴት ያለ ድምፅ ነበር ብለው ልጆቼ ሲጠይቁኝ የጅቡን ተረት እነግራቸዋለሁ።