ይጁቤ አሁን አለ?

ዘመኑን በውል አላስታውሰውም፤ ብቻ እኔም ገና ሳልሸብት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ፣ ከይጁቤ ገበያ በተመለስን ቁጥር ደጃፋቸው ላይ ካለችው ድንጋይ ቁጭ ይሉና፣ «አሁን ይጁቤ አለ ትላለህ?» ይሉኝ ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ የት ይሄዳል?»

«ይታይሃል?»

«ከዚህ ሆኜ እንዴት ይታየኛል!»

«እንግዲያ በምን አወቅህ?» ይሉና እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ካረፉ ወዲህ ግን ነገሩ ዞረብኝ። ከተዝካራቸው በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ጨው ልንገዛ ይጁቤ ሄድን። ገበያው እንዳለ አለ። ያን ጊዜ የአጎቴ ቤት ትዝ አለኝ። ከዚያ ሆኜ ቤቱም አይታየኝም፣ ድንጋይዋም አትታየኝም። ታዲያ አጎቴ እንደ ድሮው ተቀምጠው እየጠበቁን ቢሆንስ? በእጄ አፈር አልብሻቸዋለሁ፤ ግን ከዚያ ሆኜ ሳስበው ያሉ ይመስለኛል። የማጣቸው ስመለስ ነው። እናም መመለስ ፈራሁ። ገበያው ሲበተን አህያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው ቆምህ አንተ? መንገዱ ጠፋብህ እንዴ?» አሉኝ ባለቤታቸው።

የሆንኩትን ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

«እኔስ ለጨው ብቻ የመጣሁ መሰለህ?» አሉና ክንዴን ያዙኝ። «ና፣ አብረን እንየው።»

ቤት ስንደርስ ድንጋይዋ ባዶዋን ነበረች። አጎቴ አሁን የት እንዳሉ አላውቅም፤ ይጁቤም ሳላየው መኖሩን እንጃ። ከዚያ ገበያ ወደ ቤት የመለሱኝ ግን ባለቤታቸው እትዬ የሺ ናቸው።