የቤተልሔሙ እንጨት ፈላጭ

ከጦርነቱ ወዲህ ጠዋት ወደ ቢሮ የምሄደው በእግሬ ነው። የወልድያ ባጃጅ አንድ ሰው እስኪሞላለት ድረስ መንገድ ዳር ያስቀምጥሃል፤ የእኔ የመጠበቅ ትዕግሥት ደግሞ ከስደት ስመለስ እዚያው ደሴ ቀርቷል። የቢሮ ልጆች ጉልበትሽን ያምሻል፣ ለምን ትሄጃለሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ያመመኝ ጉልበቴ ብቻ ቢሆን በአንድ መርፌ በተገላገልኩት ነበር። ታዲያ ባለፈው ወር፣ በአንድ የሚካኤል ዕለት፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሳልፍ ከአጥሩ ወዲያ የሚጋገር ኅብስት ሸተተኝ። በወይራ ጭስ የተነካ፣ ጨው የሌለው፣ ትኩስ የስንዴ ሽታ። እግሬ እዚያው ቆመ።

እኛ ያደግነው ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንዲት ትንሽ ሚካኤል ሥር ባለ ቤት ነው። ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ቤተልሔም በእኛ አጥር በኩል ስለነበረች የቅዳሴ ቀን መሆኑን ከደወሉ በፊት በአፍንጫችን እናውቅ ነበር። ስንዴውን አብዛኛውን ጊዜ የምትሰጠው እናቴ ናት፤ አንድ በአንድ ለቅማ፣ የተሰበረውን ለእኛ ንፍሮ ትታ፣ ደህናውን ለሚካኤል። እኔ ለሚካኤል የሚደርሰው ስንዴ ከእኛው የተለየ የሚጣፍጥ ይመስለኝ ነበርና ታላቅ ወንድሜ ሞገስ፣ ዲያቆን ስለነበር፣ ጎህ ሲቀድ ጋግሮ ጆሮው ላይ ዱቄት ይዞ ሲመጣ ጆሮውን በጣቴ ጠርጌ እቀምስ ነበር። ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት ነው የሚለው። ቢሆንም በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና እቀምሳለሁ።

የነፍስ አባታችን መምሬ አስረስ ነበሩ። ስማቸውን ስጠራ አንድ ረጅም ጢማም ግርማ ሞገስ ያለው ካህን ከታያችሁ ተሳስታችኋል፤ አጭር፣ ቆጣ የሚሉ፣ ከእርሻ በቀጥታ ስለሚመጡ ተረከዛቸው ላይ ጭቃ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውም ለዜማ የተፈጠረ አልነበረም፤ ከፍ ወዳለው ቦታ ሲደርሱ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ግን የመስኖ ውሃ ያጣላው ሰው፣ ክርስቲያን ሆነ እስላም፣ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። አንዴ እናቴ ከጎረቤቷ ተጣልታ ተናዘዘችና ስግደት ይሰጡኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ለዚያችው ጎረቤት ሳምንት ሙሉ ውሃ እንድትቀዳ አዘዟት። እናቴ በንዴት እየተንጨረጨረች ቀዳች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሁለቱ አብረው ይሳሳቁ ነበር። ድግስ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የክብር ቦታ ሲለቅላቸው «እኔ የናንተ ሎሌ ነኝ፤ ሎሌ በር አጠገብ ነው የሚቀመጠው» ብለው በር ሥር ቁጭ ይላሉ። እኛ ልጆች ቶሎ በልተው ለመውጣት ነው እንል ነበር።

ከዚያ የደርግ ዘመን መጨረሻ መጣ። ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ ሲቀርብ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለገው ወጣት በዛ፤ መርሳ ገበያ በርበሬ ሊሸጥ የሄደ ጎረምሳ በመኪና ተጭኖ ይቀር ጀመር። የአካባቢው ወጣት በየዱሩ ገባ። የኛም ዲያቆናት፣ ሞገስና ሁለት ጓደኞቹ፣ ጠፉ፤ እናቴ «ቆላ ወርደዋል» ትለን ነበር፤ ወዴት ቆላ፣ ለምን ቆላ ብለን ስንጠይቃት ቁጣዋ ስለሚቀድም መጠየቁን ተውን። የትም ቢሆኑ ግን በቅዳሴ ቀን ከጎህ በፊት ይመጣሉ፣ ቀድሰው ይጠፋሉ። ያለ እነሱ አይሆንምና። ቅዳሴ ከሁለት ቄስና ከሦስት ዲያቆን ባነሰ አይቀደስም፤ ሥርዓቱ ነው። ሁለተኛው ቄስ ደግሞ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ስለነበሩ፣ መምሬ አስረስ ከሌሉ እሳቸው ብቻቸውን መሪ ሆነው መቀደስ አይችሉም።

ይህን ሥርዓት የቀበሌው ሊቀመንበርም ያውቀዋል። በልጅነቱ እዚያው ግቢ ዛፍ ሥር፣ መምሬ አስረስ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ነው። ቅዳሴ ካለ ዲያቆን አለ ብሎ አሰበና አንድ እሑድ ታጣቂዎቹን ይዞ ቅዳሴው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹ በቤተልሔሙ ኋላ፣ በእኛ አጥር ዘለው ለጥቂት አመለጡ፤ ሞገስ የእናቴን የጎመን መደብ እንዳልነበረ አድርጎት ሄደ። ከዚያ እሑድ በኋላ ቅዳሴ ታጎለ። ደወል የለም፣ ከአጥሩ ወዲያ ሽታ የለም፤ ቤታችን ጠዋት ጠዋት ባዶ የሆነ መሰለኝ።

የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራ። ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው እያለ በየሳምንቱ ሲያስተምረን የነበረ ሰው፣ በዚያ ቀን ለታቦቱ ተቆርቋሪ ሆኖ መጣ። እኔ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ከሴቶቹ መሀል ነበርኩ።

«መምሬ፣ ዓመታዊ በዓል ያለ ቅዳሴ ሲያልፍ ሕዝቡ ምን ይላል?» አላቸው። «ዲያቆኖቹን የት እንዳደረጓቸው ያውቃሉ ማለት ነው። በበዓሉ ቀን ካልተቀደሰ በመሸሸግ ይጠየቃሉ፤ ቤት ለቤትም እንፈትሻለን።»

መምሬ አስረስ በር አጠገብ ነበር የተቀመጡት። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጆቹን ፍለጋ አትድከሙ» አሉ። «ቅዳሴ የታጎለው በዲያቆን አይደለም፤ በእኔ ነው። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ወልድያ ገበያ በሄድኩበት ሰይጣን አሳተኝ። ክህነቴን አፍርሻለሁ።»

የእጅ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው በመሐረብ ጠቅልለው ለዚያ አንድ ዓይና ቄስ ሰጡ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፤ ለየሳምንቱ ትምህርቱ እንዲህ ያለ ምሳሌ ከየት ያገኛል! ዲያቆኖቹ የጠፉት ውትድርናን ፈርተው ይሁን ቄስ አጥተው እርግጠኛ መሆን አልቻለም፤ የያዘው ምክንያት ፈረሰበትና ፍተሻውም ቀረ፣ በሩ ላይ መቀመጡም ቀረ። እናቴ ነጠላዋን ከእጄ ነጥቃ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ያፈረችላቸው መስሎኝ ነበር።

ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ ሴት ካወቀ ክህነቱ እንደሚፈርስ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ምን ያህል እንደሚያዋርድ ግን በዓይኔ አየሁ። ማንም ያልጠረጠረው ነገር በማግስቱ ሁሉም «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» የሚለው ሆነ። መስቀል ለመሳለም ስንጋፋባቸው የነበርን ልጆች መንገድ አሳብረን ማለፍ ጀመርን፤ መምሬ መባላቸው ቀርቶ አያ አስረስ ተባሉ። ሴቶቹ ሲያሟቸው እናቴ ሽንኩርቷን አንገቷን ደፍታ ትልጣለች። አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቃወምም። መምሬም አያም ስትላቸው ሰምቼ አላውቅም፤ «እሳቸው» ብቻ ነው የምትለው። «ይህን ለእሳቸው አድርሺ» ትለኝና የመጀመሪያውን እሸት፣ የመጀመሪያውን ብርቱካን በሳህን ታስይዘኛለች።

ብዙም ሳይቆይ የመንግሥቱ ጦር አካባቢውን ለቆ ሄደ፣ ሊቀመንበሩም አብሮ ጠፋ። ሞገስና ጓደኞቹ ከቆላ ተመለሱ። ጠቋቁሮ፣ ወፍ የሚያባርርበት ወንጭፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣው ወንድሜ ያመለጠውን «ወላሂ» ሰምተን ስቀን ልንሞት ሆነ። የት እንደነበረ ግን አልነገረንም። ሌላ ወጣት ቄስ ተሾመልንና ቅዳሴው ቀጠለ፤ የኅብስቱ ሽታ በአጥራችን ላይ ተመለሰ። አያ አስረስ ግን ወደ መቅደስ አልተመለሱም። ለቤተልሔሙ ወይራ የሚፈልጡት፣ ውሃ የሚቀዱት እሳቸው ሆኑ። እንጨታቸውን ከደጅ አስቀምጠው፣ ቅዳሴው ሲጀመር ከግቢው በር አጠገብ፣ እንግባ ለማይሉት ሰዎች በተተወው ቦታ ቆመው ያስቀድሳሉ።

እኔ ተማርኩ፣ ወልድያ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ። ሞገስ እዚያው ቀረና ቀስሶ የዚያችው ሚካኤል አገልጋይ ሆነ። ለበዓል በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር አያለሁ፤ ከቅዳሴ ሲወጣ ሰው ሁሉ የእሱን መስቀል ይሳለማል፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄዶ፣ መስቀሉን ለእንጨት ፈላጩ ያሳልምና ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ይስማል። ያሳደገውን የማይረሳ ልጅ ነው ይላል ሰው። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጦርነት እንደገና በዚያው መንገድ መጣ። ልጆቼን ይዤ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ስሸሽ የእናቴን ቤት መታጠፊያ አልፌ ሄድኩ፤ መኪናው አልቆምልኝ አለ። ከዚያ ስልክ ተቋረጠ። እናቴ ትኑር ትሙት ሳላውቅ በሰው ቤት መሬት ላይ ተኝቼ ስንት ሌሊት ኮርኒስ ቆጠርኩ። መንገድ ሲከፈት ወልድያ ያለውን የተሰበረ ቤቴን እንኳ ሳላይ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሷ ነው። ከስታ፣ አጥራ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስንላቀስ ቆየን።

ከቤተልሔሙ በስተምሥራቅ፣ ካህናት ብቻ በሚቀበሩበት ቦታ፣ አፈሩ ያልደረቀ መቃብር አየሁ። ሞገስ መሰለኝ። እናቴ ገባት።

«ወንድምሽ ደህና ነው፣ አትደንግጪ» አለችኝ። «መምሬ አስረስ ናቸው።»

መምሬ! በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ስማቸውን ከአፏ ስሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አያ አስረስ? እዚህ፣ ከካህናቱ መሀል?» አልኳት።

እንግዲህ የነገረችኝ ይህን ነው። ከስብሰባው ዋዜማ መምሬ አስረስ ቤታችን መጥተው ነበር። ሦስቱን ልጆች የሸሸጓቸው ራሳቸው መምሬ ናቸው፤ ግራና ቆላ፣ የመስኖ ውሃ ጠብ ባስታረቁት በአባባ ሰይድ የማሽላ ማማ ላይ። ዲያቆን እስላም ቤት የሚፈልግ የለም። የአባባ ሰይድ ሚስት ረቡዕና ዓርቡን ለልጆቹ እየቆጠረች «ዛሬ ወተት የላችሁም» እያለች ነው ያጾመቻቸው። ቤት ለቤት ፍተሻ ቢጀመር ግን ልጆቹም አባባ ሰይድም ያልቃሉ። መምሬ የተሳሳቱት አንዳች ነገር አልነበረም። ከስማቸው ጋር ስሟ የሚነሣ ሴት እንዳትኖር ነው ወልድያ ገበያን የመረጡት። ይህንንም እናቴም ልጆቹም ለማንም እንዳይናገሩ፣ እሳቸው አፈር እስኪገቡ ድረስ በክህነታቸው ሥልጣን ገዝተዋቸዋል።

«ደርግ ሲወድቅስ? ለምን ያኔ አልፈቷችሁም?»

«ወንድምሽ እግራቸው ላይ ወድቆ ለምኗቸዋል። እሳቸው ግን፣ እንዲያ በአፌ ከወጣ በኋላ እኩሉ ቢያምን እኩሉ ይጠረጥራል፤ በጠረጠሩት እጅ መቁረብ ለሕዝቡ ይከብደዋል፤ ተዉኝ፣ እንጨቱም አገልግሎት ነው አሉት።»

በጦርነቱ መሀል፣ ሰፈሩ ባዶ ሆኖ ቅዳሴ በታጎለበት፣ መድኃኒት በጠፋበት ሰሞን አረፉ። እስከመጨረሻው ሲፈልጡ ነበር፤ ማንም በማይጋግርበት ቤተልሔም ኋላ የከመሩት ወይራ ጣራው ድረስ ደርሷል። መቃብሩን የቆፈሩት ሞገስና የአባባ ሰይድ ልጅ ናቸው። ሞገስ የራሱን ልብሰ ተክህኖ አልብሶ፣ ብቻውን የቻለውን ያህል ጸሎተ ፍትሐት አድርሶ ቀበራቸው። እናቴ እጃቸውን ስማ ተሰናበተች።

እኔ አሁንም አልዋጥልኝ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ያመንኩት ነገር ነው። «ሰው ግን ክህነታቸው ፈርሷል ነው የሚለው» አልኳት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። የደከመ ዓይኗ ላይ የድሮ ቁጣዋ መጣ።

«ፈርሶ ቢሆን ኖሮ፣ አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምን ታስሬ ዝም አልኩ?»

ሰፈሩ ከስደት ሲመለስ የመጀመሪያው የቅዳሴ ኅብስት የተጋገረው በእሳቸው እንጨት ነው። ያ ክምር ግን እስከ ክረምቱ አለቀ። ዛሬ ወንድሜ ስልክ ሲደውል ዲያቆን አጣሁ፣ ወጣቱ ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ተሰደደ፣ ቅዳሴ የምንቀድሰው ከሌላ ደብር ሰው ለምነን ነው ይለኛል። እኔም ምን እላለሁ፤ አይዞህ እላለሁ። ለእኛ ሲል ስሙን የሚሰጥ ሰው ሳናውቀው ከእኛ ጋር ኖሮ ሄደ፤ ስማቸውን ለማስከበር እኛን የሚሰጡ ግን በየሄድኩበት አሉ።

የዚያን ጠዋት ሽታው እስኪጠፋ አጥሩን ተደግፌ ቆይቼ ቢሮ አርፍጄ ደረስኩ። ስብሰባ ተጀምሯል። ከፊት፣ ከኃላፊዎቹ ጎን ወንበር ይዘውልኝ ኖሮ በእጃቸው ጠሩኝ። ጉልበቴን አሞኛል አልኩና በር አጠገብ ተቀመጥኩ።