ኖር የማያስብል ወንበር

ባለፈው ሰሞን አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ጎረምሳ ይዤ ደብረ ታቦር እናቴ ቤት ሄጄ ነበር። ብርድ ልብሱን ከወንበሩ ላይ ስገልጠው የናፍታሊን ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጎረምሳውም ቢጫውን የሱፍ ጨርቅ በመዳፉ እያሻሸ «የመጀመሪያው ጨርቅ ነው እኮ! አንድም ቦታ አልሳሳም፤ እንዴት አድርጋችሁ ያዛችሁት?» አለኝ። እንዴት እንደያዝነውማ እኔን ጠይቁኝ። ማንም አልተቀመጠበትም!

ወንበሩን የሰጠን፣ አባቴ አማርኛ ያስተማረው አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ነው፤ ደርግ ሲመጣ ጓዙን ሸክፎ አገሩ ሲገባ። እግሩ ቀጫጭን፣ እጀታው የተወለወለ እንጨት፣ ወደ ኋላ ጋደል ያለና የተቀመጠበትን ሰው ወገብ ደግፎ የሚይዝ ወንበር ነበር። አባቴ ደግሞ ወገቡን የሚያመው አስተማሪ ነው፤ ቀን ክፍል ውስጥ ሲቆም ይውላል፣ ሲመሽ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምር ይቆማል፣ በተረፈችው ሰዓት ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ይቆማል። ወንበሩ ቤት የገባ ዕለት ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «እፎይ» ያላት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

ያ ደስታ የቆየው እስከ እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ አባቴ እዚያው ላይ ጋደም እንዳለ የንስሐ አባታችን ከተፍ አሉ። ሁላችንም «ኖር!» ብለን ብድግ አልን። አባቴም እጀታውን ጨብጦ ሊነሣ ሲል፣ ግማሽ ላይ ወንበሩ መልሶ ዋጠው፤ ደግሞ ሞከረ፣ መነጽሩ ወደቀ፣ እግሩ ወደ ላይ ቀረ። ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጥ ልጄ» ቢሉም፣ እናቴን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እሳቸው እንደወጡ፣ ስትቆጣውም አንቱ እያለች፣ «የንስሐ አባቱን ተንጋሎ ተቀበለ ያሰኙኝ! ሁለተኛ እዚህ ላይ እንዳላይዎ!» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ብርድ ልብስ ለብሶ የእንግዳ ሆነ። እንግዳው ደግሞ የአባቴን ጉድ ሰምቷልና፣ ሌላ ትልቅ ሰው ቢገባ መነሣት እንዳያቅተው ፈርቶ መደቡ ላይ ይቀመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እኔ አንድ ቀን ተደብቄ ብወጣበት ያገኘሁት ቁንጥጫ ብቻ ነው። አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጠመኔ የነካ እጁን እጀታው ላይ ያሳርፍና፣ ጥቂት ቆሞ፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። «ጡረታ ስወጣ እቀመጥበታለሁ» ይል ነበር። ምናለ አንድ ቀን እንኳ እናቴን እምቢ ቢላት! ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ሞተ። ለቅሶ የደረሰው ሰው መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ሳለ እንኳ ወንበሩ ባዶውን ነበር።

ጎረምሳው ጨርቁን ባደነቀ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበርና፣ አይሸጥም ብዬ አሰናበትኩት። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ወገቧን ታሻለች፤ ሕመሙ አሁን የእሷ ሆኗል።

«በይ ተቀመጪበት!» አልኳት፤ ሳላውቀው ድምፄ ከፍ ብሏል። «ቄሱም የሉ፣ እንግዳም አይመጣ፤ ለማን ነው የምታስቀምጪው?»

ቀና ብላ ጨርቁን አየችው።

«አባታችሁ ያልተቀመጡበትን?» አለችኝ።

ብርድ ልብሱን ከመሬት አነሣሁና መልሼ አለበስኩት።