ብርጭቆ ወረቀት የነካው ሰደፍ

ጋሽ ሃብተጽዮን ጠመንጃ ይሰበስባሉ ሲባል የማያውቃቸው ሰው ይደነግጣል። የሚያስደነግጠው ግን ጠመንጃቸው ሳይሆን ምላሳቸው ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አስመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ አናጢ አባታቸው ሥር እንጨት ሲልጉ አደጉ። እዚህ ፈረንጅ አገር መጥተው ደግሞ ብሩክሊን ፓርክ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን ላይ ቆመው ጡረታ ወጡ። እኔ ባድሩ እባላለሁ፤ ታክሲ እነዳለሁ። ኮሎምቢያ ሃይትስ በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ከተጎራበትን ሃያ ዓመት ሆነን።

የሚሰበስቡት ያገኙትን ጠመንጃ ሁሉ አይደለም። ድሮ የወታደር የነበረ፣ በኋላ ለኢላማ ውድድር የተለወጠ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው የፊት እንጨቱ ያጥራል፣ አፈሙዙ በከባድ ይተካል፣ ማነጣጠሪያውም በትንሽ ቀዳዳ የሚያዩበት ይሆናል። የጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች ይህን «የተበላሸ» ይሉታል፤ ጋሽ ሃብተጽዮን ያን ቃል ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል።

«ምኑ ነው የተበላሸው? ሥራ ቀየረ እንጂ! ሰው ሲገድል የኖረ ብረት ወረቀት እንዲበሳ ተቀጠረ። እኔስ አናጢ ነበርኩ፣ ማሽን ላይ ቆምኩ። ተበላሸሁ?»

«ትንሽ» እላቸዋለሁ፤ ይሰድቡኛል።

የጠመንጃ ዋጋ መገመት ግን ያውቁበታል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ከሩቅ ከተማ ድረስ ይዘውላቸው ይመጣሉ። መጀመሪያ መዝጊያው ላይና አካሉ ላይ የተመታው ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን ያያሉ። ከዚያ ብረቱን ትተው ሰደፉን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። «የሰው ጉንጭ ሃምሳ ዓመት ያጠቆረውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው አህያ ነው» ይላሉ፤ ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ካርድ አላቸው። መቼ ተሠራ፣ መቼ ተለወጠ፣ ማን ነካው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። «ካርድ ከዋሸ ጠመንጃው ሞተ ማለት ነው።»

አንዴ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የሟቹን ጠመንጃ አምጥታ፣ ከሚያወጣው አሥር እጥፍ ጠራች። አልሳቁባትም። «የሚወድ ሰው አይገምትም፤ ሌላ ሰው ይጠየቅ» አሏት በቀስታ። የራሳቸውን ጠመንጃዎች ግን ዓይናቸውን ሳያሹ ይገምታሉ። «ዕቃ ነው» ይላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተሠርቶ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እዚያው እንግሊዝ ለኢላማ የተለወጠ ነው። ሰደፉ ላይ የመርማሪዎቹ ማኅተም አለ፤ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ጠቁሮ ወዝቷል። ዴል የሚባል ጡረተኛ አስተማሪ ወዳጃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለምናቸው፣ በግንቦቱ የሰብሳቢዎች ትርዒት ሊያሳዩት ቃል ገቡ።

መጋቢት ላይ ልባቸው ታመመና ኦፕሬሽን ሆኑ። አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኙ።

ባለቤታቸው እትዬ ለተኪሮስ ቀን ሆስፒታል ይውላሉ፣ ማታ ቤት ያጸዳሉ። ሰው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ሊል መምጣቱ አይቀርማ። መጋረጃ ታጠበ፣ ምንጣፍ ተራገፈ። አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«ባድሩ፣ ስትመለስ ሃርድዌር ስቶር ስቶፕ አድርግና ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ግዛልኝ።»

«ለምንድን ነው እትዬ?»

«ሃብቴን ሰርፕራይዝ ላደርገው ነው።»

ወንበር መሰለኝ። ገዝቼ ሰጠሁ።

ጋሽ ሃብተጽዮን ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ሻንጣቸውን ይዤ ተከትዬ ገባሁ። እትዬ ለተኪሮስ ባላቸውን ሶፋ ላይ አስቀመጡና ከጓዳ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ፎጣው ሲገለጥ ሊ ኤንፊልዱ ነው። ሰደፉ እንደ አዲስ የምግብ ጠረጴዛ ያብለጨልጫል። ማኅተሙ የለም፤ ያ የጠቆረው ቦታም የለም። ያ ቁጡ ሰውዬ በተሰፋ ደረቱ ሊጮህ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

እጃቸውን ሰደፉ ላይ አሳረፉ። ማኅተሙ የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ዳበሱ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ! ሦስት ሌሊት። ይኸው ክንዴ እስካሁን ያመኛል። ጠመንጃ ስታወራ ጆሮ አልሰጥህም ነበር፤ ተኝተህ ሳይህ ግን ቆጨኝ። ስትመጣ የምትወደው ነገር አምሮ ይጠብቅህ ብዬ ነው።»

ጋሽ ሃብተጽዮን ሰደፉን ተዉና የሚስታቸውን ክንድ አዩ።

«አምሯል» አሉ።

ሲዋሹ ስሰማቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። በር ድረስ ሲሸኙኝ ክንዴን ያዙና «ለተኪ መበላሸቱን ካወቀች ከአንተ ራስ አልወርድም። ይሞታል ብላ እየፈራች የሠራችው ነው» አሉኝ። ዓይናቸው ውስጥ እንባ ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱን የገዛሁት እኔ ነኝ ለማለት ወኔ አጣሁ።

ግንቦት ደረሰ። ጋሽ ሃብተጽዮን ሊ ኤንፊልዱን ቤት ለመተው ምክንያት ደረደሩ፤ ይከብዳል አሉ፣ ዝናብ አለ አሉ። እትዬ ለተኪሮስ «ዶክተሩ አታንሳ ያለህ አንተን እንጂ እኔን አይደለም። የለፋሁበትን ሰው ይይልኝ» ብለው ራሳቸው መኪናዬ ውስጥ ጫኑት። አብረውንም መጡ።

አዳራሹ ውስጥ ዴል እየሳቀ መጣ፣ የጠመንጃውን ሳጥን ከፈተ፣ ሳቁም ፊቱ ላይ ደረቀ። መነጽሩን አወለቀ። ሌሎቹ ሰዎች ተሰበሰቡ።

«ሃብቴ» አለ በእንግሊዝኛ «ማን ነው ይህን ጥፋት ያጠፋው? ዋጋው እኮ ግማሽ ሆነ!»

እትዬ ለተኪሮስ አጠገባችን ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት ሆቴል ውስጥ የሠሩ ሴት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ባላቸው ቀደሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አንተ?»

«እኔ። ቤት ስውል እጄ ሥራ ፈለገ፤ ፋቅሁት።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። እሳቸው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «አህያ» ሲሏቸው የኖሩት ሰዎች ሁሉ አሁን እሳቸውን ያያሉ። ጋሽ ሃብተጽዮን ካርዱን አወጡና ቆመው ጻፉበት፦ «ሰደፉ ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀባ። ሃብተጽዮን።» ከዚያ በኋላ ማንም ጠመንጃ እንዲገምቱለት አልጠየቃቸውም። እኔ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ስንመለስ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ምሳ ልጋብዝ ብዬ አቆምኩ። እትዬ ለተኪሮስ አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። እቤት እንደገባን ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሃብቴ፣ ካርዱን አምጣ።»

«ተይው አንቺ።»

«አምጣ አልኩህ! ካርድ ከዋሸ ጠመንጃው ሞተ የምትለው አንተ አይደለህ? ይቺን እንኳ ሰምቻለሁ።»

ሰጧቸው። እትዬ ለተኪሮስ የባላቸውን ስም ሰረዙና ከሥሩ በጉልህ ፊደል «ለተኪሮስ፣ መጋቢት» ብለው ጻፉ። እያለቀሱ ነበር። «በእኔ ጥፋት ሰው ሳቀብህ» አሉ።

እኔም ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። «ብርጭቆ ወረቀቱን የገዛሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ሃብተጽዮን ዞረው አዩኝ። «አህያ» አሉኝ፤ በስንት ጊዜው ደስ አለኝ። እትዬ ለተኪሮስም በእንባቸው መሃል ሳቁና የእኔንም ስም ጨመሩ።

ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ጠየቁ። «እሺ፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ። ስንት ያወጣል?»

ጋሽ ሃብተጽዮን ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ቁጥሩን አላዩም። ለስላሳውን ሰደፍ በመዳፋቸው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ዳበሱት።

«ሌላ ሰው ጠይቂ» አሉ። «የሚወድ ሰው አይገምትም።»